ሞተር ሳይከፈት ሆዱን የሚያይ ካሜራ፤ የትኛው ይሻላል?

የጋራዥ ጥያቄና መልስ፣ ከኮምቦልቻ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት የሚጠይቁት ስለ አንድ ዕቃ ነው። በካንዴላ ወይም ናፍጣ በሚረጨው በኖዝል ቀዳዳ ገብቶ የሲሊንደርን ውስጥ ስልክ ላይ ስለሚያሳየው ቀጭን ካሜራ። ሻጮቹ ኢንዶስኮፕ ይሉታል። ይህ ዕቃ ወደ እኛ ጋራዦች መግባቱ በጣም ያስደስተኛል። ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ማውረድ ቀላል ነገር አይደለም። ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ይቀየራል፣ መኪናው ይቆማል፣ ባለቤቱ ገቢ ያጣል። ያን ሁሉ ከፍሎ በመጨረሻ "ውስጡ ደህና ነው" መባል ያንገበግባል። ስለዚህ ሌላውን ጥያቄ ለሚቀጥለው አቆይቼ ዛሬ በዚህ ላይ ብቻ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ። ሥራችን በብዛት አይሱዙ ኤን ፒ አርና ሚኒባስ ነው፤ አልፎ አልፎ ቪትዝም ይመጣል። ካሜራ ልገዛ ብዬ ዋጋ ሳጠያይቅ ሰነበትኩ። አንዱ ሻጭ 8 ሚሊ የሆነ "ፉል ኤች ዲ" አሳየኝ። ሌላው 5.5 ሚሊ አለኝ፣ ጥራቱ ዝቅ ያለ ቢሆንም ርካሽ ነው አለ። ሁለት ዐይን ያለውም አለ፤ እሱ ይወደዳል። ያለችኝ ብር ትንሽ ናት፣ ሁለቴ መግዛት አልችልም። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ካሊፐር ያዝ። ካሜራ የሚመረጠው በሚገባበት ቀዳዳ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ቪትዝና መሰሎቹ የቤንዚን መኪኖች አያስቸግሩህም። የካንዴላቸው ጥርስ በብዛት 14 ሚሊ ነው፤ አንዳንድ አዳዲሶች ላይ 12 ሚሊ ይገጥምሃል። እዚያ 8 ሚሊውም ያልፋል። ጣጣው ያለው ናፍጣ ላይ ነው። የማሞቂያ ካንዴላ ቀዳዳ ከላይ ሲያዩት ሰፊ ይመስላል። ጥርሱ 10 ሚሊ ቢሆን እንኳ ወደ ታች የካንዴላዋን ጫፍ ብቻ እስኪያሳልፍ ድረስ ይጠብባል። በዚያ 8 ሚሊው ጨርሶ አይታሰብም። 5.5 ሚሊውም መንገድ ላይ ሊቆም ይችላል፤ 3.9 ሚሊ የሚባለው ቀጭኑ ነው የሚሻለው። በኖዝል በኩል ከገባህ ግን ሰፋ ያለ ዕድል አለህ። ያወጣኸውን ኖዝል አንሳና ወደ ሲሊንደሩ የሚዘልቀውን አፍንጫውን ለካው። ካሜራው ከዚያ ቁጥር ቢያንስ በግማሽ ሚሊ መቅጠን አለበት። ተገፍቶ የገባ ካሜራ ሲወጣ ጫፉን እዚያው ትቶ ሊወጣ ይችላል። ኖዝሉን ስትመልስ ደግሞ ከሥሩ ያለችውን የመዳብ ሮንዴላ በአዲስ ቀይራት።

ስለ ሚኒባሶቹ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ግራ ሲጋቡ አያለሁ። የቶዮታ 5ኤል ሞተር ላይ፣ ከእሱ በፊት በነበሩት 2ኤልና 3ኤልም ላይ፣ ናፍጣው በቀጥታ ፒስተኑ አናት ላይ አይረጭም። ቴስታታው ውስጥ ትንሽ ክፍል አለች። እሳቱ እዚያ ይጀምርና በጠባብ አፍ ወደ ሲሊንደሩ ይወጣል። ኖዝሉም የማሞቂያ ካንዴላውም የሚገቡት ወደዚያች ክፍል ነው። ካሜራ ብትከት የምታየው የእሷን ጥቁር ግድግዳ ነው፤ ፒስተን አታይም። ካሜራው ተበላሽቷል ብለህ ከሻጩ ጋር እንዳትጣላ። ለእነዚህ ሞተሮች የሲሊንደሩን ግፊት የሚያነበው ኮምፕሬሽን መለኪያ ነው ወዳጅህ። ኤን ፒ አር ላይ የሚገኘው 4ኤችኤፍ1 ግን በቀጥታ የሚረጭ ነው። በኖዝሉ ቀዳዳ ስትወርድ ፒስተኑ አናት ላይ ትደርሳለህ።

አሁን ሻጭ የማይነግርህ ትልቁ ነገር። ካሜራው አጥርቶ የሚያየው ከምን ያህል ርቀት ነው? ርካሾቹ ትኩረታቸው ቋሚ ነው። እንደ ስልክህ ካሜራ ራሳቸውን አያስተካክሉም። ካርቶኑ ላይ ፈልገው፤ "ከ3 እስከ 8 ሴንቲ" ወይም "ከ4 እስከ 10 ሴንቲ" የሚል ዓይነት ጽሑፍ ታገኛለህ። የ4ኤችኤፍ1 ሲሊንደር ስፋቱ 112 ሚሊ ነው። ካሜራው መሀል ላይ ቢቆም ግድግዳው 5.5 ሴንቲ ያህል ይርቀዋል ማለት ነው። የሲኖትራክ ደብሊው ዲ 615 ደግሞ 126 ሚሊ ነው፤ እዚያ ከ6 ሴንቲ ትንሽ ያልፋል። ስለዚህ ከ3 ወይም ከ4 ሴንቲ ጀምሮ እስከ 8 ድረስ የሚያጠራ ካሜራ ለአንተ ሥራ ልክ ነው።

"ፉል ኤች ዲ" የሚለው ላይ ብዙ ልብህን አትጣል። በርካሽ ካሜራ ላይ ትንሹ ምስል በሶፍትዌር ይለጠጥና 1080 ተብሎ ይሸጣል። ትኩረቱ የተስተካከለ 640 በ480 ካሜራ፣ ከተለጠጠ 1080 የበለጠ ያሳይሃል። ይህን በወሬ አትቀበል፤ ሱቁ ውስጥ ሞክረው። የብር ኖት አውጣና በ3፣ በ5 እና በ8 ሴንቲ ርቀት ያዝለት። ቀጫጭኖቹ መስመሮች ተነጣጥለው መታየት አለባቸው። ከዚያ አሮጌ ላይነር (የሲሊንደር ቱቦ) ወይም የብረት ቱቦ ቁራጭ ይዘህ ሂድና ውስጡን አሳየው። እዚህ ጋ መብራቱን ታውቀዋለህ። የሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ሙሉ መብራት ሲያርፍ ነጭ ብልጭታ ብቻ ነው የሚታየው። ስለዚህ መብራቱን መቀነሻ የሌለው ካሜራ በነጻ ቢሰጡህም ተወው።

ወደ ሁለት ዐይኑ ልምጣ። አንድ ዐይን ያለው ካሜራ የሚያየው ፊት ለፊት ነው። ከላይ ስትገባ ፊት ለፊትህ ያለው ፒስተን ነው፤ አንተ ማየት የምትፈልገው ግድግዳውና ቫልቩ ደግሞ ከጎንና ከኋላ ናቸው። የጎን ዐይን ያለው ግን በአንዲት ቁልፍ ይቀየርና ግድግዳውን ዙሪያውን ታያለህ። ክራንኩን፣ ማለትም የሞተሩን ዘንግ፣ አዙረህ ቫልቩን ስትከፍተው ጠርዙም ይታይሃል። ብር ካነሰህ የራሱ ስክሪን ያለውን ተወው፤ በስልክ የሚሠራ፣ 5.5 ሚሊ፣ ሁለት ዐይን ያለው ያዝ። ጥራቱ 720 ቢሆን ይበቃሃል። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን 8 ሚሊውን ዞር ብዬ አላየውም። በውጭ ገበያ ተራው አንድ ዐይን ከ10 እስከ 30 ዶላር ይገኛል፣ ሁለት ዐይኑ ከዚያ ከፍ ይላል። ጫፉ በእጅ የሚጠማዘዘው በጣም ይርቃል፤ እሱን ሥራህ ሲያድግ ታስብበታለህ።

ገመዱ ሲያጥፉት እንደታጠፈ የሚቀር ዓይነት ይሁን። 1 ሜትር ይበቃሃል፤ 5 እና 10 ሜትሩ ለቧንቧ ሠራተኛ ነው። አይ ፒ 67 ተብሎ ከተጻፈበት ጫፉ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ለግማሽ ሰዓት ይችላል ማለት ነው። ስለ ቤንዚንና ናፍጣ ግን አንድም ቃል አይናገርም። ሥራ ስትጨርስ ወዲያው ጥረገው፤ ዐይኑን አልኮል በነካ ጥጥ አጽዳው። ከሥራ የገባ መኪና ላይም አትቸኩል። የሞተሩ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ብዙዎቹ ርካሽ ካሜራዎች ከ80 በላይ አይችሉም። ይብረድ።

ከካርቶኑ ውስጥ መንጠቆ፣ ማግኔትና ትንሽ መስታወት ታገኛለህ። ጫፉ ላይ እየተሰኩ የሚሠሩ ናቸው። እባክህ ወደ ሲሊንደር እንዳታስገባቸው። አንዷ ወልቃ ብትወድቅ ላለማውረድ የደከምክለት ቴስታታ ይወርዳል። ካሜራው ውስጥ እያለም የመኪናውን ቁልፍ የሚነካ ሰው አይኑር። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። ፒስተኑን ዝቅ ማድረግ ስትፈልግ ካሜራውን አውጣ፣ ክራንኩን በእጅ አዙር፣ ከዚያ መልሰህ አስገባ። ይሰለቻል፤ ግን በዚህ አልደራደርም።

ጥያቄ፦ እኔ ያለኝ አይፎን ነው። በገመድ የሚሰካውን ገዝቼ አልታይ አለኝ። ካሜራው ነው ችግሩ ወይስ ስልኩ? (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ ካሜራው ደህና ይመስለኛል። በገመድ ከሚሰኩት ርካሾች ብዙዎቹ የሚሠሩት ኦ ቲ ጂ ከሚቀበል (በቻርጀር ቀዳዳው ሌላ ዕቃ ከሚያገናኝ) አንድሮይድና ከኮምፒውተር ጋር ነው። ለአይፎን በዋይፋይ የሚያገናኘውን ፈልግ። ምስሉ ትንሽ ይዘገያል፣ ባትሪውንም መሙላት አለብህ። እኔ ብሆን አሮጌ አንድሮይድ ስልክ ለጋራዥ ብቻ እመድብ ነበር። በዘይት እጅ ሲነካም አያሳዝንም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከውጭ የመጣ ዘመዴ ካሜራ አምጥቶልኛል። ግን ቀጥ ባለ የብረት ዘንግ ላይ ያለ ነው፤ አይታጠፍም። ጫፉ ላይ ትንሽ መስታወት አለችው። ካርቶኑ ላይ የጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ ለማየት ይላል። ለሞተር ይሆነኛል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ለሲሊንደር አይሆንህም። ለሌላ ነገር ግን ወርቅ ነው። ያ ካሜራ የተሠራው በጣም ጠባብ ለሆነ ቀዳዳ ነው። ከተለመዱት የጠመንጃ አፈሙዞች ትንሹ 5.6 ሚሊ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ዘንጉ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ሚሊ አይበልጥም። መስታወቷ በ45 ዲግሪ ተጋድማ በጎን ያለውን ግድግዳ ታሳያለች። ግድግዳው የሚርቀው በሚሊ ስለሆነ ትኩረቱም ለዚያች ርቀት ነው የተስተካከለው። 10 ሴንቲ ስፋት ያለው ሲሊንደር ውስጥ ስትከተው ግድግዳው ይደበዝዛል፣ መብራቱም አይደርስም። ዘንጉ ስለማይታጠፍም በጠማማ ቀዳዳ አያልፍም።

ቴስታታ በወረደ ጊዜ ግን አውጣው። የቫልቭ ጋይድ፣ ማለትም የቫልቩ ዘንግ የሚንሸራተትበት ቱቦ፣ ውስጡ መበላቱንና መሰንጠቁን እሱን የሚያህል የሚያሳይህ የለም። በቴስታታና በብሎክ ውስጥ ቀጥ ብለው የሚሄዱትን የዘይት መንገዶችም ታይበታለህ፤ ከጽዳት በኋላ የቀረ ቆሻሻ ካለ እዚያ ነው የሚደበቀው። በአንዳንዶቹ ላይ መስታወቷን የያዘችው ቱቦ በጥቂቱ ስትዞር ትኩረቱ ይስተካከላል፤ ሞክራት። በመስታወት የሚታይ ምስል ግራና ቀኙ እንደሚገለበጥም አትርሳ። ስንጥቁ በቀኝ ነው ብለህ ምልክት ከማድረግህ በፊት አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። ከባቲ ነው የምጽፈው። ኤን ፒ አር አለችን፤ ልጄ ነው የሚነዳት። ከባቲ በኮምቦልቻ አድርጋ ወደ ደሴ ጭነት ታመላልሳለች። በቅርቡ ዳገቱ ላይ ጭስ አበዛች፣ ጉልበቷም ቀነሰ። ደሴ ያለ አንድ መካኒክ ካሜራ አስገባና ሲሊንደሩ ላይ ጭረት በስልክ አሳየው። ኮምፕሬሽንም ለካና መጽሐፉ ከሚለው በጣም ወርዷል አለው። ሞተሩ ወርዶ ሲሊንደሩ በማሽን እንዲታደስ ሪቲፊካ ይግባ ተባልን። ገንዘቡ ብዙ ነው። በካሜራ የታየ ነገር ሐሰት ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም፣ እትዬ። ካሜራው ሐሰት አይናገርም። ግን ያየውን ሁሉ አግዝፎ ነው የሚያሳየው። በቅርብ መብራት፣ በትልቅ ስክሪን ላይ፣ ጥፍር የማይዘው ጭረት ጉድጓድ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ጭረት መኖሩ ብቻውን ሞተር አያስወርድም። ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ ሲሊንደር ጭረት የሌለበት ሊሆን አይችልም።

መታየት ያለበት ሌላ ነው። አዲስ ሲሊንደር ሲሠራ ግድግዳው ላይ በማሽን የሚቆረጡ፣ እርስ በርሳቸው የሚቆራረጡ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ዘይት ይዘው ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) የሚያለሰልሱት እነሱ ናቸው። እነዚያ መስመሮች ዙሪያውን አሁንም ከታዩ፣ በመሀላቸው አንድ ሁለት ቀጥ ያለ ጭረት ቢኖር፣ ሲሊንደሩ ገና ነው። ከላይ እስከ ታች ጠፍተው ግድግዳው ወለል ብሎ ካብለጨለጨ፣ ወይም ጭረቶቹ ሰፍተው ቀለማቸው ከተለወጠ ግን መካኒኩ ልክ ነው። ልጅዎ ቪዲዮውን ይጠይቅ። የአራቱም ሲሊንደር ይሁን፣ ፒስተኑ ታች ወርዶ የተቀረጸ። የአንዱን ቦታ ፎቶ ብቻ አይቀበሉ።

የኮምፕሬሽኑ ነገር ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ባሕር ጠረፍ አካባቢ ላለ አየር ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። እዚያ አየሩ ስለሚሳሳ ግፊቱ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተሩ የሚጨምቀው ያንን የሳሳ አየር ስለሆነ፣ መለኪያውም በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ያነባል። ጠረፍ ላይ 30 ባር የሚያሳይ ፍጹም ጤነኛ ሞተር ደሴ ላይ 22 ባር አካባቢ ቢያሳይ የሚገርም ነገር የለውም። እዚህ ኮምቦልቻ ላይ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምንል ትንሽ ከፍ ብሎ ይነበባል። ይህን ሳያስቡ ቁጥሩን ከመጽሐፍ ጋር ብቻ እያመሳከሩ ስንት ደህና ሞተር ሲወርድ አየሁ። በጣም ነው የሚያሳዝነኝ። ትክክለኛው ንጽጽር አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ነው። አራቱም ተቀራርበው ዝቅ ካሉ ምክንያቱ አየሩ ሊሆን ይችላል። አንዱ ከሦስቱ ተለይቶ ከወረደ ያኔ እዚያ ሲሊንደር ውስጥ በሽታ አለ። ለዚያ ለወረደው ጥቂት ጠብታ ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩት። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው ነው፤ ካልተነሳ ቫልቩን ወይም ጓርኒሲዮኑን ይጠርጥሩ። ዘይቱ በጣም ትንሽ ይሁን፤ ናፍጣ ሞተር ውስጥ ቦታ ጠባብ ነው፣ ዘይት ከበዛ ፒስተኑ የሚሄድበት ያጣል።

አሁን ደግሞ ልጅዎ ፒስተኖቹን አናታቸው ላይ ይይልኝ። ከሚሌ በረሃ ጀምሮ ባቲን አልፈው ዳገት የሚወጡ መኪኖች ብዙ ጊዜ የሚታመሙት በሙቀት ነው፤ ሙቀት ደግሞ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይበላል። ምልክቱ በካሜራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሦስቱ ፒስተኖች ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ለብሰው፣ አራተኛው እንደታጠበ ድስት ነጥቶ አልሙኒየሙ ከታየ፣ የራዲያተሩ ውሃ ወደዚያ ሲሊንደር እየገባ በእንፋሎት እያጠበው ነው። የዚያ መድኃኒቱ ጓርኒሲዮንና የቴስታታው ገጽ መስተካከል ነው እንጂ ሪቲፊካ አይደለም። ጥቁሩ ደረቅ ሳይሆን የረጠበና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ዘይት እየገባ ነው፤ ያኔ ፋሻ ወይም የቫልቭ ጋይድ ነው።

የጭሱን ቀለም አልጻፉልኝም። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ነው የሚቃጠለው። ነጭ ሆኖ ራዲያተሩ ውሃ የሚያጎድል ከሆነ ከላይ ያልኩት ጓርኒሲዮን ነው። ጥቁር ከሆነ ግን ናፍጣው ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጡ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ጥቁር ጭስ በዚያ ዳገት ላይ መጨመሩ የሚጠበቅ ነው። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነ ደግሞ ይብሳል፣ ጉልበትም ይቀንሳል።

ስለዚህ ሞተሩን ለማውረድ እሺ ከማለትዎ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ። የአየር ማጣሪያው ይቀየር። ኖዝሎቹ ወጥተው በመፈተሻ ማሽን ይታዩ፤ የሚያንጠባጥብ ኖዝልም ጥቁር ጭስ ያመጣል። ኖዝሎቹ በወጡበት አጋጣሚ ካሜራው አራቱም ውስጥ ይግባ፣ ኮምፕሬሽኑም አብሮ ይለካና አራቱ ቁጥሮች ወረቀት ላይ ይጻፉ። ልጅዎ ወደ ደሴ ሲያልፍ ቪዲዮውንና ወረቀቱን ይዞ እዚህ ኮምቦልቻ ይቁም፤ አብረን እናየዋለን።